ከባቄላ ሥር ያለ ደቦ፦ ታታሪና ሥራ ፈት ባክቴሪያዎች

ቁስቋም፦ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ቁስቋም አካባቢ በጓሮው ባቄላ የዘራ ነዋሪም ሆነ ከእንጦጦ ተራራ ማዶ በማሳው የሚያመርት አርሶ አደር ገንዘብም መሣሪያም የማይጠይቅ አንድ ፍተሻ ማድረግ ይችላል። ባቄላው ማበብ ሲጀምር አንዱን እግር ዙሪያውን በዶማ ቆፍሮ ከነአፈሩ ያወጣዋል፤ ሥሩንም በውኃ ቀስ አድርጎ ያጥበዋል። በሥሩ ላይ ከሽምብራ ፍሬ የሚያንሱ እባጮች ተለጥፈው ያገኛል። ባለሙያዎች ኖዱል ይሏቸዋል። አንዱን እባጭ በጥፍሩ ወይም በምላጭ ሲሰነጥቀው ውስጡ እንደ ሥጋ ቀልቶ ካገኘው፣ በማሳው ውስጥ ማዳበሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሆኖ ካገኘው ግን ፋብሪካው ወይ ገና ሥራ አልጀመረም፣ ወይ ዘመኑን ጨርሷል፣ አለዚያም በውስጡ ያሉት ሠራተኞች እየበሉ አይሠሩም።

እየበሉ የማይሠሩት የባክቴሪያዎች ነገር ላለፉት በርካታ ዓመታት የብዙ ተመራማሪዎችን ቀልብ የያዘ ጥያቄ ነው። በዓይን የማይታይ፣ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት እንዴት ተባብሮ ይሠራል? ከመካከላቸው አንዱ ቢያጭበረብርስ ምን ይከተላል? ጥያቄው ከቤተ ሙከራ ያልወጣ የምሁራን ጨዋታ ሊመስል ይችላል። መልሱ ግን በየወረዳው ለአርሶ አደሩ የሚቀርበው የባክቴሪያ ማዳበሪያ በአንዱ ማሳ ሠርቶ በሌላው ለምን እንደማይሠራ የሚያስረዳ ነው።

የፋብሪካው አሠራር

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን ነው። ሰብል ግን ይህን ናይትሮጂን ከአየር በቀጥታ መውሰድ አይችልም። የዩሪያ ፋብሪካዎች በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት፣ ብዙ ኃይል አፍስሰው ነው ለሰብል በሚሆን መልክ የሚያዘጋጁት። የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የሽምብራ ሥር ግን ይህንኑ ሥራ ያለ ጭስና ያለ ነዳጅ ያሠራል።

ነገሩ የታወቀው ከመቶ ሠላሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ሄልሪገል እ.ኤ.አ. በ1886 ጥራጥሬዎች ናይትሮጂን ከአየር የሚያገኙት በሥራቸው ላይ ባሉት እባጮች አማካይነት መሆኑን ለሙያ ባልደረቦቹ አስታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኔዘርላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለይቶ በቤተ ሙከራ አራባቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ዛሬ በጥቅሉ ራይዞቢያ ይባላሉ።

የሥርና የባክቴሪያው ግንኙነት የሚጀምረው በመልእክት ነው። ሥሩ ወደ አፈሩ አንድ ዓይነት ቅመም ይረጫል፤ ቅመሙን የሚያውቀው ባክቴሪያም በራሱ ቅመም ይመልሳል። መልእክቱ ሲገጥም ጭረት የመሰለው የሥሩ ፀጉር ተጠማዞ ባክቴሪያውን ያስገባዋል፤ እባጩም ማደግ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሰብሉ ከቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ይመግባል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ናይትሮጂኑን ለሰብሉ ያዘጋጃል። የምናየው ቅላት በእባጩ ውስጥ የኦክሲጅንን መጠን የሚቆጣጠር፣ የሰውን ደም ከሚያቀላው ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ቅላቱ የሥራ ምልክት የሆነው ለዚህ ነው።

መልእክቱ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። ለባቄላ የሚስማማው ባክቴሪያ ለአተር፣ ለምስርና ለጓያም ይሆናል። ሽምብራ የራሱ አለው፤ አኩሪ አተርም እንዲሁ የራሱ አለው። ቦሎቄም ከሌላ ቡድን ጋር ነው የሚግባባው። የሽምብራውን ጥቅል ለባቄላ የሰጠ ባለሙያ ለአርሶ አደሩ ባዶ ጥቅል የመስጠት ያህል ነው።

ባክቴሪያም ደቦ አለው

ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት ባክቴሪያ ብቻውን በልቶ ብቻውን የሚራባ ፍጥረት ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ አንድ ጥናት ግን በባሕር የሚኖርና ብርሃን የሚሰጥ ባክቴሪያ ብርሃኑን የሚያበራው ቁጥሩ ሲበዛ ብቻ መሆኑን አሳየ። ባክቴሪያዎቹ ትንንሽ ቅመሞችን ወደ ውጭ ይለቃሉ፤ ቅመሙ በአካባቢው ሲበረታ «በዝተናል» ብለው ሥራውን በአንድነት ይጀምራሉ። በጥራጥሬ ሥር የሚኖሩትም ተመሳሳይ የመቆጣጠሪያ ዘዴ እንዳላቸው ከጊዜ በኋላ ተረጋግጧል። ነገሩ በገጠራችን እንዳለው ደቦ ነው፤ ሰው ሳይሟላ አጨዳው አይጀመርም።

ደቦ ባለበት ደግሞ ማጭድ ሳያነሳ ከጠላውና ከእንጀራው የሚቋደስ አይጠፋም። ናይትሮጂን ማዘጋጀት ለባክቴሪያው ከባድ ሥራ ነው፤ ያገኘውን ስኳር የሚያቃጥለው ለዚሁ ነው። ሥራውን ትቶ ስኳሩን ለራሱ ያደረገ ባክቴሪያ ይበልጥ ሊወፍርና ሊራባ ይችላል። እንዲህ ከሆነ በትውልድ ቅብብሎሽ ሥራ ፈቶቹ በዝተው ታታሪዎቹ መጥፋት ነበረባቸው። እስከ ዛሬ ለምን አልጠፉም? የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎችን ያስጨነቀው ይህ ነው።

የባቄላው ነገር ደግሞ ጥያቄውን ያከብደዋል። በባቄላ፣ በአተር፣ በምስርና በሽምብራ እባጭ ውስጥ ናይትሮጂን ወደ ማዘጋጀት የገባው ባክቴሪያ ቅርጹ ይለወጣል፤ ዳግመኛም አይራባም። ልክ እንደ ሠራተኛ ንብ ለሌላው ደክሞ ዘር ሳያስቀር ያልፋል። እባጩ ሲበሰብስ ወደ አፈር ተመልሰው ዘራቸውን የሚቀጥሉት በዚያው እባጭ ውስጥ ያሉት፣ ሥራ ያልጀመሩ ወገኖቹ ናቸው። በአኩሪ አተርና በቦሎቄ ግን ሠራተኛው ራሱ ከሥራው በኋላ ሊራባ ይችላል።

ከመልሶቹ አንዱ የመጣው በወቅቱ የዶክትሬት ተማሪ ከነበረች ወጣት ተመራማሪ ነው። ቶቢ ኪርስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ከመምህሯ ፎርድ ዴኒሰንና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር የሠራችው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። ሙከራው የተሠራው በአኩሪ አተር ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹን በግድ ሥራ ፈት ለማድረግ በእባጮቹ ዙሪያ ያለው አየር ናይትሮጂን እንዳይኖረው ተደረገ፤ በምትኩ አርጎን የተባለ ጋዝ ገባ። የአንዱን ተክል ሥር ሁለት ቦታ በመክፈልም አንዱ ወገን የተለመደውን አየር፣ ሌላው ናይትሮጂን የሌለውን አየር እንዲያገኝ ሆነ። ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ተክሉ ናይትሮጂን ወደማይሰጡት እባጮች የሚደርሰውን ኦክሲጅን ቀነሰ፤ በእነዚያ እባጮች ያሉት ባክቴሪያዎችም ከሚሠሩት ያነሰ ተራቡ።

በሌላ አነጋገር የደቦው ባለቤት ተክሉ ነው። የሚሠራውን ይመግባል፤ ያልሠራውን ይቀጣል። ታታሪው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ እስከ ዛሬ የዘለቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እነኪርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኛም የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ አለው። ቆየት ያሉና አዳዲስ የአኩሪ አተር ዝርያዎች ጥሩና መጥፎ ባክቴሪያ ተደባልቆ በሚገኝበት አፈር ሲነጻጸሩ፣ አዳዲሶቹ የመጥፎውን ባክቴሪያ ጉዳት የመቋቋም አቅማቸው ደክሞ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ እንደ ምክንያት ያነሱት ዝርያዎቹ የተመረጡት ናይትሮጂን በበዛበት ማሳ መሆኑን ነው። ማዳበሪያ የጠገበ ተክል ሠራተኛውን ከሥራ ፈቱ ለመለየት አይገደድም። በየጎተራው ያለው የአካባቢ ባቄላና አተር ዘር መጠበቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ከ30 ቦታዎች የተሰበሰበ ማስረጃ

በሀገራችን አፈር ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችስ? ጥያቄውን ካነሱት መካከል በሥራቸው መጀመሪያ ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ይገኙበታል። እንዳልካቸው ወልደመስቀል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ ከእርሻ ጋር ተዋሕደው በሚበቅሉ የጥራጥሬ ወገን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ሥር ያሉትን ባክቴሪያዎች መርምረዋል።

በፊንላንድ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ምርምራቸውን የሠሩት አረጉ አምሳሉ አሰርሴ ደግሞ ትኩረታቸውን ቦሎቄ ላይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሀገር ውስጥና ከፊንላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከሚገኙ 30 ቦታዎች ከበቀለ ቦሎቄ እባጮች የተወሰዱ 32 ባክቴሪያዎችን ዘረ መል መርምረዋል። ባክቴሪያዎቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ በሰባት ቡድኖች ተከፋፈሉ። ከመካከላቸውም ሳይንስ እስከዚያ ስም ያልሰጠው አንድ ቡድን ተገኘ።

የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የባክቴሪያዎቹ ዋና ዋና ዘረ መሎች የተለያየ የዘር ሐረግ ሲያሳዩ፣ እባጭ የሚያስገነቡትና ናይትሮጂን የሚያዘጋጁት ዘረ መሎቻቸው ግን እርስ በርስ የተቀራረቡ ሆነው ተገኙ። ይህ ማለት የሙያው ዕውቀት ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ አልተላለፈም፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤትም ተሻግሯል። በሰው ምሳሌ ብንመስለው፣ ቤተሰባቸው የተለያየ ሸማኔዎች ጥለት አጣጣላቸው ግን ከአንድ መምህር የተማሩ ያህል አንድ ሆኖ እንደማግኘት ነው። ቦሎቄ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ወደ እኛ የመጣ ሰብል መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። እንግዳው ሰብል በሀገራችን አፈር የሚረዳው የባክቴሪያ ወገን አላጣም።

ስም ያልነበረው ቡድን በኋላ ስም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 እኚሁ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ ቦሎቄ የተገኘን ባክቴሪያ ሙሉ የዘረ መል ዝርዝር አነበቡ፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊደላት ያሉት ነው። ስሙንም ራይዞቢየም ኤትዮፒከም አሉት። የሀገራችንን ስም የያዘ፣ በቦሎቄ ሥር የሚሠራ ዝርያ በዓለም የሳይንስ መዝገብ ገባ ማለት ነው።

ለማሳው ምን ያስተምራል?

ዘረ መል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መሻገሩ በረከትም ሥጋትም አለው። በኒውዚላንድ ለከብት መኖ የሚሆን አንድ ጥራጥሬ የራሱ ባክቴሪያ በሌለበት ማሳ ላይ ከአንድ ዓይነት የባክቴሪያ ማዳበሪያ ጋር ተዘራ። ከሰባት ዓመት በኋላ እባጮቹ ሲመረመሩ የተገኙት ባክቴሪያዎች ብዙ ዓይነት ነበሩ። የአካባቢው አፈር ባክቴሪያዎች እባጭ የማስገንባቱን ዘረ መል ከመጣው እንግዳ ተቀብለው ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በአውስትራሊያም በሌላ የመኖ ጥራጥሬ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ዘረ መሉን የተቀበሉ አዳዲስ ባክቴሪያዎች ታዩ። ከእነዚህ መካከል እባጭ ማስገንባት ችለው ናይትሮጂን የማዘጋጀት አቅማቸው ግን የደከመ ይገኙበታል።

ከዚህ ሦስት ትምህርት ይገኛል።

የመጀመሪያው፣ የባክቴሪያ ማዳበሪያ ሕያው ነገር መሆኑ ነው። ዩሪያ በመጋዘን ቢቆይ ዩሪያ ነው፤ ባክቴሪያ ግን ሙቀትና ፀሐይ ይገድለዋል። ጥቅሉ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ሊታይ፣ ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ርቆ ሊቀመጥ ይገባል። ዘሩ በስኳር ውኃ ረጠብ ተደርጎ በጥላ ሥር ከባክቴሪያው ጋር ይታሻል፤ በዚያው ሰዓት ተዘርቶ አፈር ይለብሳል። በፀረ ተባይ ወይም በፀረ ፈንገስ ኬሚካል ከታሸ ዘር ጋር መቀላቀል፣ ከሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ዕቃ መያዝ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል።

ሁለተኛው፣ እንግዳው ባክቴሪያ ባዶ ቤት አይገባም። አብዛኛው የባቄላና የአተር አብቃይ መሬታችን ለዘመናት ሰብሉን ሲያስተናግድ የኖረ በመሆኑ ነባር ባክቴሪያዎች በአፈሩ ሞልተዋል። በጥቅል የመጣው ሥሩ ላይ ለመግባት ከእነርሱ ጋር ይሽቀዳደማል። ነባሮቹ ታታሪ ከሆኑ ጥቅሉ ብዙም ለውጥ ላያመጣ ይችላል። ሥራ ፈት ከሆኑ ግን ቦታውን ይዘው ለታታሪው አይለቁም። አኩሪ አተርን የመሰለ ለአካባቢው አዲስ የሆነ ሰብል ሲገባ ደግሞ የሚስማማው ባክቴሪያ በአፈሩ ላይኖር ስለሚችል የጥቅሉ ጥቅም ጎልቶ ይታያል።

ሦስተኛው፣ ባክቴሪያው ብቻውን ተአምር አይሠራም። ናይትሮጂን ማዘጋጀት ብዙ ፎስፈረስ ይፈልጋል። በሀገራችን አርሶ አደሮች ማሳ በሽምብራ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ባክቴሪያውና የፎስፈረስ ማዳበሪያው አንድ ላይ ሲሰጡ ጥቅማቸው እንደሚደመር፣ ውጤቱም ከማሳ ማሳ እንደሚለያይ አሳይቷል። አሲዳማነትም ሌላው ጠላት ነው። በደጋው ያለ ብዙ መሬት አሲዳማ ሆኗል፤ በእንዲህ ያለ አፈር ባቄላውም ባክቴሪያውም ይጨነቃሉ። አፈሩ ተመርምሮ በሚታዘዘው መጠን ኖራ ካልተጨመረ ጥቅሉ ገንዘብ ማባከን ነው። በተቃራኒው ዩሪያ ማብዛትም እባጩን ያስቀራል። ናይትሮጂን በነፃ ያገኘ ተክል ስኳሩን ለባክቴሪያ አያካፍልም።

ከአጨዳ በኋላም የሚታሰብ አለ። የባቄላው ፍሬና ገለባ ከማሳው ሲወጣ የናይትሮጂኑ ትልቅ ክፍል አብሮ ይወጣል። ለሚቀጥለው ዓመት ገብስ ወይም ስንዴ የሚተርፈው በሥሩና በረገፈው ቅጠል ያለው ነው። ስለዚህ ሰብሉን ከሥሩ ነቅሎ ከመውሰድ በማጭድ አጭዶ ሥሩን ለአፈሩ መተው ይመረጣል።

ጥቅል ወይስ ቀይ እባጭ?

ኢትዮጵያ ባቄላ በማምረት ከዓለም ከቻይና ቀጥላ የምትጠቀስ ሀገር ናት። ለጥራጥሬ የሚሆነው የባክቴሪያ ማዳበሪያም በሀገር ውስጥ መመረት ጀምሯል፤ በግራም የሚለካ በመሆኑ ለማጓጓዝ አይከብድም፤ ዋጋውም ከሰው ሠራሹ ጋር አይወዳደርም። ዕድሉ ትልቅ ነው። ዕድሉን የሚያበላሸው ግን ሕያው ነገርን እንደ ከረጢት ዕቃ መቁጠር ነው።

የወረዳ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ጥቅል እንደተሰራጨ ነው። የተሰራጨ ጥቅል ግን ለአርሶ አደሩ ጎተራ አይሞላም። በመጋዘን ሙቀት ሞቶ የደረሰውም ጥቅል፣ ለሌላ ሰብል የተዘጋጀውም ጥቅል፣ በአሲዳማ መሬት የጠፋውም ጥቅል በሪፖርቱ ላይ እኩል «ተሰራጭቷል» ተብሎ ይጻፋል። አርሶ አደሩም አንድ ዓመት ሞክሮ ለውጥ ካላየ በሚቀጥለው ዓመት ባለሙያውን አያምንም። የጠፋው ጥቅል ዋጋ ሊተካ ይችላል፤ የጠፋውን እምነት መመለስ ግን ብዙ ክረምት ይፈጃል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ባክቴሪያ ከተሰጠውና ካልተሰጠው ማሳ ጥቂት ጥቂት እግር በአበባ ወቅት ቆፍሮ እባጩን ቢቆጥር፣ ሰንጥቆም ቅላቱን ቢያይ ውጤቱ በዚያው ቀን ይታወቃል። ሁለቱም ማሳዎች በቀይ እባጭ ከተሞሉ ነባሩ ባክቴሪያ በቂ ነው፤ ገንዘቡ ለኖራ ወይም ለፎስፈረስ ይዋል። የተሰጠው ቀልቶ ያልተሰጠው ነጭ ከሆነ ጥቅሉ ሠርቷል፤ ይስፋፋ። ሁለቱም ነጭ ከሆኑ አፈሩ ይመርመር፣ የጥቅሉም አያያዝ ይጣራ። ፍተሻው ሲደረግ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኖዱሉ በጣት ሲነካ ከሥሩ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሥሩ ራሱ ካበጠና እብጠቱ ካልተላቀቀ ግን የትል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ መታየት አለበት።

ከ30 ቦታዎች 32 ባክቴሪያዎችን ሰብስቦ የመረመረው የሀገራችን ጥናት እንዳሳየው በአፈራችን ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ሀብት ብዙ ዓይነት ነው። ከእነዚህ መካከል ለየአካባቢው የሚስማማውን ታታሪ መምረጥ የተመራማሪው ድርሻ ነው። ተመራማሪው ግን በየማሳው ሊደርስ አይችልም። የትኛው ማሳ ቀይ፣ የትኛው ነጭ እባጭ እንዳለው የሚያውቀው በዶማው የቆፈረው አርሶ አደር ነው። የቀጣዩ መኸር የጥራጥሬ ሪፖርት ከተሰራጨው ጥቅል ጎን የቀይ እባጭ ቁጥርንም ቢጠይቅ፣ ወረዳው ገንዘቡ የት እንደገባ፣ አርሶ አደሩም ድካሙ ለምን ፍሬ እንዳፈራ ወይም እንዳላፈራ አውቀው ለሚቀጥለው ዓመት ይዘጋጃሉ።